ከልክ በላይ የጠራ ውኃ

ኑ፣ እስቲ አረፍ በሉ። ወንበር ያጣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ ሥራ የያዘም ሥራውን እየሠራ ያድምጥ። ጆሮ እንጂ እጅ አልጠየቅኳችሁም። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንዲት ዝምተኛ ልጅና ስለ አንድ ባልዲ ተሸካሚ ነው። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ ታገሡኝ።

ልጅቱን ቤት ውስጥ ሚጡ ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷትም ሚጡ ናት። እናቷ ሐኪም ናቸው፤ ከመኖሪያቸው ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ የራሳቸው ክሊኒክ አላቸው። ሚጡም እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የሰው ደምና የሰው ሽንት ስታይ ትውላለች። የሟች አባቷ እህት፣ አብረዋቸው የሚኖሩት አክስቷ፣ «ይቺ ልጅ የሰውን ጉድ ከሥሩ እያየች እንዴት ብላ ወንድ ያምራታል» እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ፈገግ ብላ ታልፋለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ያደገች ልጅ ናት።

በክሊኒኩ የተራ መጠበቂያና በላቦራቶሪው ኮሪደር መካከል ግንብ የለም። በግንቡ ፈንታ ያለው የዓሣ ገንዳ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መስታወት፣ ውስጡ ጨው ተመጥኖ የተበጠበጠለት የባሕር ውኃ። «በሽተኛ ጣሪያ ከሚቆጥር ዓሣ ይቁጠር» ብለው ያሠሩት አባቷ ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዶክተሯ የባላቸውን ልብስ ለሰው ሰጥተዋል፤ መጻሕፍታቸውን በካርቶን አሽገዋል፤ ገንዳውን ግን ማንም እንዲያነሳባቸው አይፈቅዱም። ጠዋት ጠዋት ጋዋናቸውን ሳይለብሱ በፊት መስታወቱ ፊት ቆመው አንዱን ቢጫ ዓሣ ያዩታል። ምን እንደሚባባሉ እሱና እሳቸው ያውቃሉ።

ገንዳውን የሚንከባከበው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በብስክሌት የሚመጣ ወጣት ነው። «የዓሣ ሐኪሙ መጣ» ሲሉት፣ «የውኃ ሐኪም በሉኝ። ውኃው ደኅና ከሆነ ዓሣው ለራሱ ያውቃል» ይላል። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ፣ ሆቴል ቤት ገንዳ ሲያጥብ ነው ሙያውን የለመደው። ዶክተሯ በደኅና ቀን «ያ ልጅ» ይሉታል። በክፉ ቀን ግን «ባልዲ ተሸካሚው» ነው።

ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ይንጠለጠላል። የውኃ ሐኪሙ በየሐሙሱ ይጽፍበታል፤ ጨው ሠላሳ አምስት፣ ሙቀት ሃያ አምስት፣ ውኃ የተቀየረ አንድ ባልዲ። አንድ ቀን ሚጡ ከቁጥሮቹ ሥር በእርሳስ፣ «ቢጫው ዓሣ ከድንጋዩ ሥር ከገባ ሁለት ቀኑ ነው። ታሞ ይሆን?» ብላ ጻፈች። በሐሙሱ መልስ አገኘች። «አልታመመም፤ አኩርፎ ነው። እርስዎ የቤቱን ዕቃ አዛውረውበታል።» እውነትም አሸዋውን ስታስተካክል አንድ ድንጋይ ገፋ አድርጋ ነበር። ለብቻዋ ሳቀች።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ስለ ዓሣ እየተጻፈ ስለ ሌላ ነገር ይነበብ ጀመር። አንድ ሐሙስ «ዛሬ በኮሪደሩ ሲያልፉ በውኃው ውስጥ አየሁዎት። የሚራመዱ አይመስሉም፤ የሚንሳፈፉ ነው የሚመስሉት» ብሎ ጻፈ። ሚጡ ሦስት ቀን አስባ፣ ጽፋ አጥፍታ፣ መልሳ ጽፋ፣ በመጨረሻ ሁለት ቃል ብቻ ተወችለት። «አንቺ በለኝ።» በሚቀጥለው ሐሙስ እሱ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ ሆነው መስታወቱን ያጸዳሉ። አልተነጋገሩም። መሐላቸው ሰማያዊ ውኃ አለ፤ ከውኃው ውስጥ ደግሞ የእሱ ፊት፣ ቀስ እያለ የሚወዛወዝ፣ በሕልም እንደሚታይ ሰው። እጇን ከመስታወቱ ላይ ማንሳት ተሳናት።

ታዲያ በባሕሩ ዳር ባለ ሩቅ ከተማ አንድ ሆቴል ትልቅ ገንዳ ሊያቆም ፈልጎ አስጠራው። ደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ሄደ፦ «አምስት ሳምንት እርቃለሁ። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ባልዲ ቀይሪ፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ውኃውን አደራ።»

አደራ የምትለውን ቃል መቼም ታውቋታላችሁ። አፍ ላይ ትቀላለች፣ ትከሻ ላይ ትከብዳለች። ሚጡ በሳምንት አንድ ባልዲ የሚለውን አነበበችና ልቧ አላረፈም። ለአደራ በሳምንት አንዴ ምን ይላል አለች። በሽተኞች ሳይመጡ ማልዳ እየተነሳች፣ ጨዉን እየመዘነች፣ በየቀኑ አንድ ባልዲ ቀየረች። እሱ በከረጢት አድርጎ ማጣሪያው ውስጥ የሚያስቀምጠው፣ ከውኃው ቆሻሻ የሚመጥ ነጭ ፍሬ አለ፤ እሱን እጥፍ አደረገችው። ውኃውን እንዳያቆሽሽባት ብላ የዓሣዎቹንም ምግብ ቀነሰች። ደብተሩ ላይ አንዲት ፊደል አልጻፈችም። ውኃው ራሱ እንዲነግረው፣ ገብቶ ሲያይ ፊቱ ሲበራ እንድታይ ነው የፈለገችው።

በሦስተኛው ሳምንት ውኃው ከመጥራቱ የተነሳ ከዓይን ጠፋ። አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ከዘራቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እነዚህ ዓሦች በምን ተሰቅለው ነው?» ብለው ጠየቋት። ያን ቀን ሚጡ እግሯ መሬት አልነካም።

በአራተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ታየ። ጠዋት የለም፤ መብራቱ ሲበራና ቀኑ ሲገፋ ተመልሶ ይመጣል። ቆየና አቧራው ልጋግ ሆነ፤ እንደ ንፍጥ ይንጠለጠላል፤ በየጫፉ የአየር አረፋ ይቋጥራል። ሚጡ ደነገጠች። በቀን ሁለት ባልዲ መቀየር ጀመረች። ጠረገችው፤ ባሰ። በቱቦ መጠጠችው፤ ባሰ። ገንዳው ውስጥ የሚኖሩት ቀንድ አውጣዎች አንድ በአንድ ከመስታወቱ ላይ እየወደቁ በጀርባቸው ተኙ።

የውኃ ሐኪሙ የተመለሰው እንዲህ ባለ ሐሙስ ነው። ሚጡ በኮሪደሩ በኩል፣ በልጋጉ መሐል በቀረች አንዲት ጥርት ያለች ቦታ አየችው። ገንዳውን አየ። ጎንበስ ብሎ ደብተሩን ከፈተ። አምስት ሳምንት ባዶ ገጽ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው በሩን ከፍቶ ቤቱን ባዶ ሲያገኝ የሚሆነውን ሆነ በሉት።

ሙያው ጠፍቶበት አልነበረም። ውኃውን በመለኪያው ለካ፤ ከዓሦቹ ምግብና ቆሻሻ የሚመጡት ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ወጡ። ግን የተጎዳ ልብ የሚያነበው የራሱን ነው። ተረስቶ የቆሸሸ ገንዳ ነው፣ ልጋጉ ቆሻሻውን ሁሉ በልቶት ነው መለኪያው ዜሮ ያለው፣ አለ ለራሱ። እና ጻፈ፦ «ሥራ የሚበዛበትን ሰው አደራ ማለት አይገባም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአሁን በኋላ በሳምንት ሦስት ጊዜ እኔው እየመጣሁ እቀይራለሁ። እርስዎ አይድከሙ።»

እርስዎ። ሚጡ ያቺን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። ጣቶቿ በጨው ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ያንን አላየም። ላስረዳው ብላ ብዕር አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ያን ያህል ለፍቼ ካልታየው፣ ድሮም አልታየውም አለች። ደብተሩን ዘግታ መልሳ አንጠለጠለችው። እሱም ከቁጥር በቀር አልጻፈም። ሁለት ሳምንት እየመጣ ቀየረ፤ ልጋጉም ሁለት ሳምንት ሙሉ ወፈረ።

በዚህ መሐል ነው ዶክተሯ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሹካቸውን ያስቀመጡት።

«ቅዳሜ ይደፋ» አሉ።

«ምኑ?» አሉ አክስት፣ እያወቁ።

«ገንዳው። ዓሦቹን ለሚፈልግ ይስጥ፣ ውኃውን ያፍስ። ከዚያ በኋላ ያ ባልዲ ተሸካሚ ደጄን እንዳይረግጥ።»

«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ አለ ያገሬ ሰው። ልጁ ምን ያድርግ? የወንድሜን ገንዳ ግን ባትደፊው…»

«ወንድምሽ እኮ ባሌ ነበር» አሉ ዶክተሯ። ድምፃቸው ቀጠነ። «እሱን አንድ ጊዜ ዓይኔ እያየ ሲያልቅ አይቻለሁ። ሁለተኛ አላይም።»

ሚጡ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ገንዳው ከተደፋ ሐሙስ የለም። ሐሙስ ከሌለ እሱ የለም። ያም ሆኖ አሁንም ምላሷን ዋጠች፤ እዚህ ላይ እኔም ሳወራው እናደድባታለሁ።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ክሊኒኩ ለምሳ ሲዘጋ ሚጡ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። የበሽተኛ መሣሪያ ነውና ሌላ ነገር አይታይበትም የሚባለውን ማይክሮስኮፕ በዓሣ ገንዳ ልጋግ አረከሰችው። አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋ አጎነበሰች።

የሰሊጥ ፍሬ የመሰሉ ነበሩ፤ በአንድ በኩል ሾጠጥ ያሉ፣ ወርቃማ ቡናማ። ሁሉም ይሽከረከራሉ፤ በካስማ እንደ ታሰረ ጥጃ እያንዳንዱ አንዲት ነጥብ ላይ ይዞራል። ድምፅ የለም። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ በዝምታ የሚዞሩ። ክፉነታቸውን ረስታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ያምሩ ነበር። ከዚያ ወደ አባቷ ካርቶኖች ሄደች። ስለ ባሕር ውኃ ገንዳ ከሚያወራው መጽሐፍ ሥዕላቸውን አገኘች፤ ስማቸው ዳይኖፍላጀሌት ነው። ከሥዕሉ ሥር ያለውን አንብባ ስትጨርስ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። እነዚህ ነገሮች የሚበዙት ውኃው ከልክ በላይ ሲጠራ ነው። ደኅናዎቹ ጥቃቅን ነፍሳት የሚበሉት አጥተው ሲያልቁ፣ እነሱ ባዶውን ቤት ይወርሱታል። የጠራ ውኃ በቀየሩላቸው ቁጥር ይደሰታሉ።

ውኃው የተራቆተው በእሷ እጅ ነው። በፍቅር ነው፤ ግን በእሷ እጅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የውኃ ሐኪሙ መጣ። ባልዲዎቹን ደረደረ፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ሦስት በሽተኞች ተራ ይጠብቃሉ። አክስት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቱቦውን ውኃው ውስጥ ሲነክር ሚጡ በኮሪደሩ ዞራ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ቆይ» አለችው።

«ዶክተር እንዲደፋ ብለዋል።»

«ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርህና ትደፋዋለህ። ውኃውን እኔ ቀይሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ስትሄድ። በየቀኑ።»

ቱቦውን እንደያዘ ቀረ። «በየቀኑ ሲሉ…»

«በየቀኑ። መጨረሻ ላይ በቀን ሁለቴ። ነጩንም ፍሬ እጥፍ አድርጌዋለሁ። ምግባቸውንም ቀንሼባቸዋለሁ።»

«ደብተሩ ላይ ምንም የለም እኮ።»

«አልጻፍኩማ።»

«ለምን?»

ሚጡ ዙሪያዋን አየች። ከበሽተኞቹ አንዱ፣ ሲያስለው የነበረው፣ ሳሉን አቁሟል። የምርመራው ክፍል በር ተከፍቶ እናቷ የልብ ማዳመጫቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቆመዋል። መስታወቱን ተደገፈች።

«ስትመጣ ደስ እንዲልህ ነው» አለች። «ከዓመት ዓመት የሰው ውኃ ስታጸዳ፣ ለአንተ ያጸዳልህ ሰው አልነበረም። እኔ ላጸዳልህ ብዬ ነው።»

የሚያስለው ሰውዬ ቀስ ብሎ፣ «እኔ አልቸኩልም፤ ተራዬ ይለፍ» አለ።

«ማን ደስ እንዲለው ነው ያልሽው?» አሉ ዶክተሯ ከበሩ ላይ።

«እሱ፣ እማ።»

ወንዙን አንዴ ከገቡበት መሻገር ነው። ሚጡም ዞራ ለእናቷ ነገረቻቸው። «ገንዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። የአባዬን ገንዳ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ሳምንትም በእሱ ሲሳበብ ዝም ብያለሁ። የምትቆጪ ከሆነ እኔን ተቆጪ። እሱን ግን ከደጅሽ አትመልሺብኝ።»

የውኃ ሐኪሙ ግንባሩን ይዞ ነበር። «ዜሮ» አለ ለራሱ። «ዜሮ ሲለኝ ልጋጉ በልቶት ነው አልኩ። ረሃብ ነው እንጂ። ሞኝ ነኝ። ውኃውን ሳይሆን ደብተሩን ነው ያነበብኩት።» ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ዶክተር፣ አንድ ሰዓት ይስጡኝ። እርግጠኛ ሳልሆን አልደፋም፣ አላክምም።»

ዶክተሯ ሰዓታቸውን አዩ። አንድ ሐኪም ላንድ ሐኪም የሚለውን አሉ። «ምርመራው ምንድን ነው?»

«ልጋጉን ከውኃው ጋር በጠርሙስ ውስጥ አርገፍግፌ እበትነዋለሁ። በማጣሪያ ወረቀት አጠልለዋለሁ። የጠለለው ብርሃን ላይ ይቀመጣል። ተራ ቆሻሻ ከሆነ እንደተበተነ ይቀራል። እነሱ ከሆኑ ተፈላልገው እንደገና ይያያዛሉ።» ወደ ሚጡ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓንት አድርጊ። መርዝ አላቸው፤ ቀንድ አውጣዎቹን የፈጇቸው እነሱ ናቸው።»

አድርጊ አላት፤ ያድርጉ አላላትም። ሰማችው።

ጠርሙሱን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጡት። ዶክተሯ ወደ በሽተኞቻቸው ተመለሱ፤ በሩን ግን አልዘጉትም። ሁለቱ መስኮቱ ሥር፣ የበሽተኛ ወንበር ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ያለ ውኃ፣ ያለ መስታወት እንዲህ ተጠጋግተው አያውቁም። ፀሐዩ ጉልበታቸው ላይ ወርቅ ዘርግቷል፤ ከጓሮ የገንዳው ፓምፕ ድምፅ እንደ ንብ ይመጣል።

«ረስታኛለች ብዬ ነበር» አላት።

«እኔ ደግሞ ያደረግኩት አልበቃውም ብዬ ነበር።»

«እጅሽን ላየው።»

ጓንቱን አውልቃ ሰጠችው። የተሰነጣጠቁትን ጣቶች አንድ በአንድ አየ፤ በአውራ ጣቱ በጣም ቀስ አድርጎ ዳሰሳቸው። ሚጡ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ታያለች ግን አታየውም። ከዚህች ወንበር ባልነሳ፣ ይህች ፀሐይ ባትዞር ብላ ተመኘች።

«እናንተ ልጆች» አሉ አክስት ከጥጋቸው፣ «ጠርሙሱን ነው የምትጠብቁት ወይስ እኔ ልጠብቅላችሁ?»

ቀና ብለው አዩ። ባዶ መስሎ የነበረው ውኃ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ቡናማ ክሮች ተጠላልፈው ተንሳፍፈዋል።

«ዳይኖፍላጀሌት» አለች ሚጡ።

«ስሙ ራሱ በሽታ ነው» አሉ አክስት።

ዶክተሯ መጡና ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። «እሺ፣ በሽታው ታወቀ። መድኃኒቱስ?»

«መጀመሪያ ሦስት ቀን ጨለማ፣ ዶክተር፤ ብርሃን ካጡ ይደክማሉ። ውኃው በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ የጨረር መብራት አስገባለሁ፤ እየዋኙ የሚያልፉትን ይገድላል። ከዚያ ዋናው፣ ውኃውን መመገብ ነው። መቀየር የለም፣ ነጩ ፍሬ ይወጣል፤ ናይትሬትና ፎስፌት በጠብታ ይጨመራል። ደኅናዎቹ ጠግበው ሲበዙ ቦታቸውን ያስመልሳሉ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ወር። ደግሞ ሊመለስም ይችላል።»

ዶክተሯ ጠርሙሱን አስቀመጡ። «ሊመለስ ይችላል የሚል ሐኪም ከስንት አንድ ነው» አሉ። ከዚያ፣ «ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምከው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ዘጠነኛን ምን ከለከለህ?»

«አባቴ ሞተ።»

ዶክተሯ ወደ ደረጃው ሄዱ። ሚጡ አለቀ ብላ ነበር። ሲመለሱ ግን ክንዳቸው ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ብርድ ልብስ ነበር፤ የባላቸው። «ይኼ ብርሃን አያሳልፍም» አሉና አንደኛውን ጫፍ ይዘው ቆሙ፣ ሌላኛውን ጫፍ እንዲይዝ። እሱም ያዘ። ገንዳውን ሕፃን እንደሚያለብሱ አለበሱት።

ሦስት ቀን ሙሉ ያ ክፍል ዝም አለ። በሽተኞች እንኳ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ።

በአራተኛው ጠዋት አራቱም ቆመው ብርድ ልብሱን ገፈፉት። አሸዋው ነጥቷል፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ቡናማ ቀርቷል፤ ለመዳኑ ገና ብዙ ቀን ይቀራል። ከድንጋዩ ሥር ቢጫው ዓሣ ቀስ ብሎ ወጣ። ቢጫ አልነበረም። የወተት ቀለም ነበረው።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አሉ ዶክተሯ ተደናግጠው።

«ጨለማ ውስጥ ቀለሙን ይተዋል» አለ የውኃ ሐኪሙ። «ይመለሳል። ይጠብቁት።»

ጠበቁት። ቆመው ነው የጠበቁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ በጀርባው ላይ፣ ንጋት ከተራራ ጫፍ እንደሚጀምር ሁሉ፣ ጭላንጭል መጣ፤ ከዚያ ወደ ጎኑ ወረደ፤ ከዚያ ዓሣው በሞላ እየበራ፣ እየበራ ሄደ። ዶክተሯ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሚጡ ከጎኗ አንዲት እርጥብ ትንሽ ጣት ትንሿን ጣቷን ስትይዛት ተሰማት፤ አላፈገፈገችም። መላ ሰውነቷ እዚያች ጣት ላይ ሆነ።

ዶክተሯ ዓይናቸውን ከዓሣው ሳያነሱ፣ «እጃችሁ እርጥብ ነው» አሉ። «ወለሉ ላይ አታንጠባጥቡብኝ።»

አክስት ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ልቀቁኝም፣ ሂዱም፤ ሥራችሁ ይጠብቃችኋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የምትወዱት ሰው ዝም ሲላችሁ፣ ባዶውን ገጽ ከማንበባችሁ በፊት፣ ያቺን የተሰነጣጠቀች እጅ አስታውሱልኝ።